የአስታማሚ እንቅልፍ

አባቴን ቡሬ ገጠር በሬ ወግቶ ጣላቸው፤ ጭናቸው ተሰበረ። ፍኖተ ሰላም አምጥተን ሆስፒታል አስተኛናቸው፤ አስታማሚያቸው እኔ ሆንኩ። የተኙት እሳቸው ናቸው፤ እኔማ ከአልጋው አጠገብ ጋቢ አንጥፌ ጋደም ከማለት በቀር እንቅልፍ የሚባል ባይኔ አልዞረም። ሲያቃስቱ እነሣለሁ። ዝም ሲሉም ይተነፍሱ እንደሆን ለማየት እነሣለሁ።

በሁለተኛው ሳምንት አባቴ ሲጠሩኝ ይሰማኝ ጀመር። ዞር ስል ተኝተዋል። የማውቀው የስልክ ቁጥር ይጠፋኛል። አንድ ጠዋት አጥሚት ይዤ ገባሁና አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጬ በማንኪያ አቀረብኩ። ቀና ስል የማጠጣው የጎረቤት አልጋውን ሽማግሌ ነው።

እሳቸው ሳቁ፤ እኔ አለቀስኩ። አጎቴ አእምሮው የተነካው በእኔ ዕድሜ ነበርና፣ ተራዬ ደረሰ ብዬ ነው።

“ለመሆኑ መቼ ነው የተኛሽው፣ ልጄ?” አሉኝ ሽማግሌው።

“እንጃ፣ አባባ።”

ነርሷን ጠሯት። እሷም አጠገቤ ተቀምጣ ሁሉንም ጠየቀችኝና፣ “አላበድሽም፣ እህቴ” አለችኝ። “ስንተኛ እኮ አእምሮ ሥራ አይፈታም። ቀን የተጠራቀመበትን ቆሻሻ ያጥባል፤ ያየነውን የሰማነውን ቦታ ቦታ ያስይዛል። ያን ጊዜ ስትነፍጊው በቁምሽ ሕልም ያሳይሻል። መጀመሪያ ተኚ፤ ካልተሻለሽ ሐኪም ያይሻል።”

አፈርኩ። የባዮሎጂ መምህርት ነኝ፤ ይህንኑ በየዓመቱ ሰሌዳ ላይ እጽፈዋለሁ።

“አባቴንስ ማን ይጠብቅልኛል?”

“እኔስ ምን ሥራ አለኝ?” አሉ ሽማግሌው። “የተሰበረው እግሬ ነው፤ ዓይኔ ደህና ነው።”

አባቴም ከትራሳቸው ቀና ብለው፣ “ሂጂልኝ ባክሽ! በየደቂቃው አፍንጫዬ ላይ ጆሮሽን እየደቀንሽ እኔንም እንቅልፍ ነሣሽኝ” አሉ። ለካስ ነቅተው ያውቁኛል።

የአክስቴ ልጅ ቤት ሄጄ እንደ ድንጋይ ወደቅሁ። እኩለ ቀን የጀመርኩት እንቅልፍ በማግስቱ ረፋድ ላይ ለቀቀኝ። ዝናቡ ቆርቆሮውን ይመታል። ፈራ ፈራ እያልኩ አዳመጥኩ። ማንም አይጠራኝም። የሰው ልጅ እንቅልፍ ጠግቦ ሲነሣ እንዲህ ይቀለዋል እንዴ?

ስደርስ ሁለቱ ሽማግሌዎች ስለ ድንች ዘር ይከራከራሉ። ጭቅጭቃቸው እንዲያ ደስ ያለኝ ጊዜ የለም።

“ዛሬ ፊትሽ የሰው ፊት ሆነ” አሉኝ አባቴ። ከዚያ በኋላ ወንድሜም መጣልኝና እየተፈራረቅን አስታመምናቸው፤ በምርኩዝም ቢሆን በእግራቸው አገራቸው ገቡ።