ሾተላይ ያሉት ደሜ

መጀመሪያ ያየሁት ዓይኑን ነው። በተወለደ በማግስቱ ጠዋት ጡት ላስይዘው ስል ዓይኑን ገለጥ አደረገ፤ ነጭ መሆን የነበረበት ቦታ እርድ የነካው ጨርቅ መስሏል። ነርሷን ጠርቼ አሳየኋት። «ብዙ ሕፃን እንዲህ ይሆናል። ቤት ስትገቢ የጠዋት ፀሐይ አሙቂው» አለችኝ። ከሰዓት በኋላ ከክሊኒኩ ወጣን።

ቤታችን ሰሚት ኮንዶሚኒየም ሦስተኛ ፎቅ ላይ ነው፤ በረንዳችን ጠዋት ጠዋት ፀሐይ ያገኛል። አሞቅሁት። በሁለተኛው ቀን ቢጫው ወደ ሆዱና ወደ እግሩ ወረደ። መጥባት ተወ። በሦስተኛው ቀን ጀርባውን ወደ ኋላ እየለጠጠ በቀጭን ድምፅ አለቀሰ። ሆስፒታል አደረስነው። ሐኪሙ አንድ ጊዜ አየውና ይዞት ሮጠ። ደም ፈለጉለት። ደሙ ሳይገኝ ልጄ ሞተ።

ክርስትና አልተነሳም። ስም አልነበረውም።

ይህን የምጽፈው ዛሬ በረንዳዋ ላይ ቆማ ልጇን ፀሐይ ለምታሞቅ እናት ነው። ልጅሽ በተወለደ በመጀመሪያው ቀን ቢጫ ከሆነ ጽሑፉን አስቀምጪውና ልጁን አቅፈሽ ወደ ሆስፒታል ሂጂ። የቀረውን ስትመለሺ ታነቢዋለሽ።

ሰብለ እባላለሁ። ከምንኖርበት ሕንፃ ሥር ትንሽ የኮፒና የጽሕፈት ሱቅ አለችኝ። ባለቤቴ ደሳለኝ የመንግሥት መሥሪያ ቤት ሠራተኛ ነው። የመጀመሪያ ልጃችን ሊዲያ ጤነኛ ሆና ተወልዳ ጤነኛ ሆና አድጋለች፤ ወንድሟ ሲሞት ስድስት ዓመቷ ነበር። ልጅ የሚሞትባት ሴት እሆናለሁ ብዬ አስቤ አላውቅም ነበር።

ለቅሶ የመጡት ሰዎች ስም አወጡልኝ። «ሾተላይ አለባት» ሲሉ ከመኝታ ቤት ሆኜ ሰማኋቸው። የምትወልዳቸውን የሚበላ ክፉ ነገር ተጠግቷታል ማለታቸው ነው። አንዷ ጎረቤታችን ደሳለኝን ደረጃ ላይ አስቁማ፣ «ገና ወጣት ነህ፤ አስብበት እንጂ» አለችው። «ሊዲያን የወለደችልኝ ማን ሆነችና ነው?» ብሏት አለፈ። ለእኔ አልነገረኝም። የሰማሁት ከራሷ ከጎረቤቲቱ ነው፤ ተቀይማው ልትነግረኝ መጣች።

እውነቱን የነገረችኝ ከወር በኋላ ያገኘኋት የማህፀንና የጽንስ ሐኪም ናት፤ ዶክተር ሰናይት እላታለሁ። የእኔ ደም ኦ ኔጌቲቭ፣ የባለቤቴ ኦ ፖዘቲቭ ነው። ሊዲያ የአባቷን ወረሰች። ስወልዳት ከደሟ ጥቂት ወደ እኔ ገባ፤ ሰውነቴም እንደ እንግዳ ቆጥሮት የሚዋጋበትን ፀረ እንግዳ አካል አዘጋጀ። ሊዲያን አልነካትም፤ እሷ ወጥታለች። ቀጥሎ የመጣውን ልጅ ግን ገና ማህፀኔ ውስጥ ሳለ ደሙን ይሰባብርበት ነበር። ከተሰባበረው ደም የሚወጣው ቢሊሩቢን ነው ቢጫ ያደረገው፤ ሲበዛ ወደ አንጎል ይገባል።

«ሰዎች ሾተላይ የሚሉት ብዙ ጊዜ ይሄንኑ ነው» አለችኝ ዶክተር ሰናይት። «ሊዲያን በወለድሽ በሰባ ሁለት ሰዓት ውስጥ አንቲ ዲ የሚባለውን መርፌ ብትወጊ ኖሮ ሰውነትሽ ይህን ባላዘጋጀ ነበር።»

ቤት ገብቼ የሊዲያን ጊዜ የእርግዝና ክትትል ካርድ ፈለግሁ። አገኘሁት። «ኦ» ተብሎ ከጎኑ በእስክሪብቶ አጭር ሰረዝ ተጭሮበታል። ያቺ ሰረዝ ኔጌቲቭ ማለት ናት። ቀኑን ሙሉ የሰው ወረቀት ሳነብ የምውል ሴት የራሴን ካርድ አላነበብኩም። ያነበቡትም አልነገሩኝም። ሐዘኔ ያን ቀን ቁጣ ሆነ። ደግሞም ጠቀመኝ፤ ሐዘኑ አልጋ ላይ ያስተኛኝ ነበር፣ ቁጣው አስነሳኝ።

ከዓመት ከመንፈቅ በኋላ እንደገና አረገዝኩ። አንዳንዱ አፉን በእጁ ያዘ። አንዷ ዘመዴ ክታብ ይዛልኝ መጣች፤ አመስግኜ መለስኩላት። አማቴ እማማ ጥሩወርቅ ከደብረ ማርቆስ ጠበል ይዘው መጡ፤ እሱን ጠጣሁ። ግን አንድም ቀን ከክትትሌ አልቀረሁም። በየወሩ፣ በኋላም በየሁለት ሳምንቱ፣ ኩምስ የሚባለውን የደም ምርመራ አደርግ ነበር፤ በደሜ ውስጥ ያለው ፀረ እንግዳ አካል መጨመር አለመጨመሩን የሚያሳይ ነው።

አንድ ቀን ከምርመራ ስመለስ እማማ የሕፃን ልብስ እያጣጠፉ ነበር። «ምን አለ ወረቀቱ?» አሉኝ። አስረዳኋቸው። ሰምተውኝ ሲያበቁ ልብሱን ጭናቸው ላይ አስቀመጡት።

«የመጀመሪያው ይተርፋል ነው የምትይኝ?»

«አዎ እማማ።»

«የኋለኞቹ ናቸው የሚሞቱት? ቢጫ ሆነው?»

«አዎ።»

«ደሳለኝ የመጀመሪያዬ ነው» አሉ። «ከእሱ በኋላ አራት ቀብሬያለሁ። ሦስቱን ቢጫ ሆነው፣ አንዱን ሞቶ ተወልዶ። አባቱ የፈታኝ በዚህ ነው። ሾተላይ ናት ተብዬ።»

ደሳለኝ ታናናሾቹ በሕፃንነታቸው እንደሞቱ ያውቃል። እንዴት እንደሞቱ አያውቅም ነበር፤ አባቱ ለምን እንደሄደም አያውቅም ነበር።

በማግስቱ እማማን ሰፈራችን ያለ ላቦራቶሪ ወሰድኳቸው። ባለሙያዋ ጣታቸውን ወጋች፣ ደሙን ጠፍጣፋ መስታወት ላይ ከፋፍላ የመመርመሪያ ጠብታ ጨመረችበት፣ አየችው። «እማማ፣ ደምዎ ኦ ኔጌቲቭ ነው» አለቻቸው።

«እስቲ ድገሚልኝ ልጄ።»

ደገመችላቸው።

«እኔ አልነበርኩማ» አሉ እማማ። ወጥተው ደጁ ላይ ያለው ደረጃ ላይ ተቀመጡ። ነጠላቸውን ፊታቸው ላይ ጣሉት። አጠገባቸው ተቀመጥኩ። ብዙ ሰው አለፈ።

የእሳቸው ውጤት ለእኔም ተስፋ ይዞ መጣ። ዶክተር ሰናይት ስትሰማ ብዕሯን አስቀመጠች። «እናቱ ኔጌቲቭ ከሆኑ ደሳለኝ ግማሹን ከእሳቸው ወርሷል ማለት ነው። ስለዚህ ይሄኛው ልጅ ኔጌቲቭ የመሆን ዕድሉ ግማሽ በግማሽ ነው። ኔጌቲቭ ከሆነ ምንም አይነካውም።» ሦስት ሳምንት በዚህ ተስፋ ኖርኩ። በሃያ ስድስተኛው ሳምንት የኩምስ ውጤቴ ከአንድ ለአሥራ ስድስት ወደ አንድ ለስልሳ አራት ዘለለ። ፀረ እንግዳ አካሉ ጨምሯል ማለት ነው፤ ልጁ ፖዘቲቭ ነው።

ዶክተር ሰናይት አላባበለችኝም። «የዕድሉ ነገር አልቋል» አለችኝ። «ከአሁን በኋላ ያለን ሥራ ነው።»

ሥራውን ጀመርን። በየሳምንቱ ዶፕለር አልትራሳውንድ ታነሳኛለች፤ በልጁ አንጎል ውስጥ ደሙ የሚሄድበትን ፍጥነት እያየች ደም ማነሱን የምታውቅበት ነው። በጣም ካነሰ ማህፀኔ ውስጥ ሳለ ደም መስጠት ሊያስፈልግ ይችላል፤ ይህን የሚሠሩት ጥቂት ናቸው። እዚያ ሳንደርስ ሠላሳ ስድስተኛው ሳምንት ላይ ልታዋልደኝ ወሰነች። «ከመውለድሽ በፊት ግን አዲስ የተለገሰ ኦ ኔጌቲቭ ደም ተዘጋጅቶ መቀመጥ አለበት» አለችኝ። «የሚለግሱ ሰዎችን ከአሁኑ ፈልጊ።»

ሱቄ በር ላይ ትልቅ ወረቀት ለጠፍኩ፦ «የደምዎን ዓይነት ያውቃሉ? ኦ ኔጌቲቭ ከሆኑ እባክዎ ያናግሩኝ።» ያቺው ጎረቤታችን መጣች። «ሳይወለድ ስለ ደም ማውራት ሟርት ነው፤ አንሺው» አለችኝ። «ባለፈው ዝም ብዬ ነበር፤ ዝምታው ምን አተረፈልኝ?» አልኳት። ወረቀቱ አልተነሳም።

ከእኔ የባሱት እማማ ሆኑ። ሱቁ ውስጥ በርጩማ ላይ ተቀምጠው ኮፒ ሊያስደርግ የመጣውን ሁሉ «ልጄ፣ ደምህ ምንድን ነው?» ይሉታል። የሚስቅ ይስቃል፤ ብዙዎቹ ግን አያውቁትም። «ሂድና ታይ፤ ሚስት ልታገባ አይደል?» ብለው ይልኩታል። ሾላ ገበያ ለአራስ ገንፎ የሚሆነውን ገብስ ሊገዙ ሄደው ሳለም አላረፉም። ከድር የሚባል የቅመማ ቅመም ነጋዴ ሲጠይቁት «ኦ ኔጌቲቭ ነኝ እማማ። የት ልምጣ?» አላቸው። ሩዋንዳ በሚባለው ሰፈር አንድ የእንግዳ ማረፊያ ውስጥ የምትሠራ ሜሮን የምትባል ልጅ ደግሞ የሱቄን ወረቀት አንብባ ስልኳን ሰጠችኝ። ሁለቱም ልወልድ ሁለት ቀን ሲቀረኝ ሄደው ለገሱ። ከድር ያን ዕለት ሱቁን ዘግቶ ነው የሄደው።

ምጤን በመድኃኒት አስጀመሩኝ። ጠዋት አንድ ሰዓት ላይ ሴት ልጅ ወለድኩ። ሁለት ኪሎ ከአራት መቶ። ነጣ ብላ ነበር። ወዲያው አለቀሰች። ከእትብቷ ደም ወስደው ወደ ጨቅላ ሕፃናት ክፍል አስገቧት፤ ዓይኗን ሸፍነው ፎቶቴራፒ የሚባለው ሰማያዊ ብርሃን ሥር አስተኟት።

ዘጠኝ ሰዓት ላይ ሁለተኛው የቢሊሩቢን ውጤት መጣ። ተረኛው ወጣት ሐኪም «ጨምሯል፤ ግን እስከ ነገ ጠዋት በብርሃኑ እንየው» አለኝ።

«ቁጥሩን ይንገሩኝ ዶክተር።»

ነገረኝ። ስትወለድ አምስት ነበር፤ አሥራ ሦስት ሆኗል። ስምንት ሰዓት፣ ስምንት ቁጥር።

«በየሰዓቱ አንድ እየጨመረ ነው። እስከ ነገ ጠዋት ስንት ይሆናል?» አልኩት። ወረቀቱን መልሶ አየ። «ልጅ የቀበርኩት እንየው ስባል ነው። ደሙ ተዘጋጅቷል። አለቃዎን ይጥሩልኝ፤ እስኪመጡ ከዚህ አልንቀሳቀስም።»

አልተቆጣም። ደወለ። አለቃው መጡ፣ ወረቀቱን አዩ፣ «አሁኑኑ ኤክስቼንጅ እንጀምራለን» አሉ። የልጅቱን ደም አውጥቶ በሌላ መተካት ማለት ነው።

ከመስታወቱ ወዲህ ቆምኩ። በእምብርቷ ቱቦ አስገቡ። አሥር ሚሊ ያወጣሉ። አሥር ሚሊ ያስገባሉ። ነርሷ ጮክ ብላ ትቆጥራለች። ሌላዋ ትጽፋለች። አንዴ የልቧ ምት ወረደ። አቆሙ። ካልሲየም ሰጧት። እኔ አልጸለይኩም፤ ጸሎቱ ጠፋኝ። ምቷ ተመለሰ። ቀጠሉ። ሁለት ሰዓት ፈጀ።

ሲጨርሱ ቢሊሩቢኗ ስምንት ነበር። ማታውን ትንሽ ከፍ አለና ቆመ፤ ከዚያ ቀን በቀን እየወረደ ሄደ።

ስምንት ቀን እዚያ ቆየን፤ እነዚያን ቀናት ጡቴን እያለብኩ በትንሽ ኩባያ በየሁለት ሰዓቱ ስመግባት፣ የብርሃኑ መብራት ለጥቂት ደቂቃ ሲጠፋ ደረቴ ላይ አስተኝቼ ሙቀቷ ሲሰማኝ፣ ዳይፐሯን ስቀይር የሽንቷ ቀለም እየነጣ መምጣቱን እንደ ምሥራች ለደሳለኝ በስልክ ስነግረው አሳለፍኳቸው። ቤት ስንገባም ነገሩ እንዳላለቀ ነግረውኝ ነበር፤ በሰውነቷ የቀረው የእኔ ፀረ እንግዳ አካል ለሳምንታት ደሟን መብላቱን ስለማያቆም በየሳምንቱ እናስመረምራት ነበር፤ በአምስተኛው ሳምንት ነጥታ፣ ስትጠባም እየደከማት ስናይ ወሰድናት፤ አንድ ጊዜ ደም ጨመሩላት፣ ከዚያ ወዲህ አላስፈለጋትም። ያቺ ጎረቤታችን ልጅቷን የምታስልሳት ለጋ ቅቤ ይዛ ስትመጣ በሩን የከፈቱት እማማ ናቸው። «ሐኪሟ ከእናቷ ጡት በቀር ውሃም እንዳትቀምስ ብላለች፤ ቅቤውን እኛ እንበላዋለን» ብለው አስገቧት፣ ገንፎም አቀረቡላት። ቢሊሩቢኑ መስማትን ሊጎዳ ስለሚችል የልጃችንን ጆሮም አስመረመርን፤ በደንብ ትሰማለች። በሰማንያ ቀኗ ክርስትና ተነሳች።

ከድርን፣ ሜሮንን፣ ዶክተር ሰናይትን፣ ስጨቀጭቀው ስልኩን ያነሳውን ወጣት ሐኪም አመሰግናለሁ። ደሳለኝን በሰው ፊት ስላልተወኝ አመሰግነዋለሁ።

አንቺ ደግሞ ነፍሰ ጡር ከሆንሽ የደምሽን ዓይነት ዛሬ ጠይቂ፤ ካርድሽ ላይ ከፊደሉ ጎን ያለውን ምልክትም ራስሽ እዪው። ኔጌቲቭ ከሆንሽና ባልሽ ፖዘቲቭ ከሆነ ስለ አንቲ ዲ መርፌው በእርግዝናሽ ጊዜም፣ ስትወልጂም፣ ቢያስወርድሽም ጠይቂ፤ ሰባ ሁለት ሰዓቱ እንዳያልፍ። እንደ እኔ አልፎብሽ ከሆነም ተስፋ አትቁረጪ፤ ከባድ ነው እንጂ መንገድ አለው። ሐኪም ፊት ቁጥሩን ጠይቂ። አስቸጋሪ ናት ይበሉሽ። እኔን ብለውኛል፤ ልጄ ግን ይኸው አሥራ አንድ ወሯ ነው፣ የሱቄን ወረቀት እየቀደደች ታስቸግረኛለች።

እማማ ወደ ማርቆስ ተመልሰዋል። ባለፈው ሳምንት ደውለው የሰፈራቸውን ሁለት ነፍሰ ጡሮች ጤና ጣቢያ ወስደው ደማቸውን እንዳስመረመሯቸው ነገሩኝ። አንደኛዋ ኔጌቲቭ ሆናለች፤ የምትወልድበት ቀንም ደርሷል።

«መርፌውን ካልሰጧትስ እማማ?» አልኳቸው።

«መጀመሪያ እኔን ከበሩ ማንሳት ይችላሉ ወይ?» አሉኝ።