ያወለቅኋቸው የድንጋይ ጥርሶች

ነቀምት አጠገብ ካለችው ዲጋ በታች ባለው ወንዝ ላይ የተሠራችው ትንሽ የመስኖ ግድብ ጉልበቴን በላችው ብል አላጋነንሁም። ግንበኛ ነበርሁ። ከሸዋ መጥቼ ነቀምት ቤት ስገነባ ቆይቼ፣ ግድቧን ሠርተን ስንጨርስ ጠባቂዋ ሆኜ ቀረሁ። ከሰው ቁመት ብዙም አትበልጥም። “ይህችን ታህል ነገር ምን ታደክማለች?” ይለኝ ነበር ያየኝ ሁሉ። እንዴ! ውሃ እኮ ከትንሽ ከፍታም ቢወድቅ ጉልበቱን ይዞ ነው የሚወድቀው፤ የሚበርድበት ካላበጁለት መሬቱን ይምሳል።

ለዚህ ነው መሐንዲሱ ከግድቧ ሥር ገንዳ አሠርቶ፣ ወለሉ ላይ ጉልበት የሚደርሱ ድንጋዮች በሁለት ረድፍ ያስተከለን። ጥርስ እንላቸው ነበር። ውሃው እነሱ ላይ ይፈጠፈጥና አረፋ ደፍቆ፣ እንደ ደከመው ሰው ቀስ ብሎ ይወጣል።

ከገንዳው በታች፣ ወንዙ ዳር፣ ባላቸው የሞቱባቸው አንዲት ጭሰኛ ጎደሬና በቆሎ ያበቅሉ ነበር። ሌላ መሬት የላቸውም። “ኢልማ ኮ” ይሉኛል፣ ልጄ ማለታቸው ነው፤ እኔም “አዴ” እላቸዋለሁ፣ እናቴ እንደማለት። ግድቧ ስትሠራ ፈርተው ነበርና ጥርሶቹን አሳይቻቸው፣ “እነዚህ እያሉ ውሃው እርስዎ ጋ አይደርስም” ብዬ ቃል ገባሁላቸው።

በዓመቱ የአውራጃው ገዢ መጥተው ይመርቋታል ተባለ። አለቃዬ ወርዶ ገንዳውን አየና ፊቱ ጠቆረ።

“ይሄ የድንጋይ ክምር ምንድን ነው? ልታዋርደኝ ነው? አንሳና ወለሉን በስሚንቶ ለስነው!”

“ጌታዬ፣ የውሃውን ጉልበት እኮ...”

“መሐንዲሱ አንተ ነህ?”

ሦስት ቀን በመዶሻና በመሮ ጥርሶቹን ፈልፍዬ አወጣኋቸው። አፈር ልብላ፣ ወለሉ ሲያብረቀርቅ ደስም ብሎኝ ነበር። ገዢው ሪባኑን ከላይ ቆርጠው ሄዱ። ወደ ገንዳው ዞር ብለው እንኳ አላዩም።

ክረምት ገባ። ውሃው በለስላሳው ወለል ላይ ተንደርድሮ ከጫፉ በታች ይቆፍር ጀመር። ድንጋይ ተሸክሜ ጉድጓዱን እሞላለሁ፤ በማግስቱ ባዶውን አገኘዋለሁ። እንደገና እሞላለሁ። ወገቤ ተቆረጠ። ዳርቻው እየተናደ ጎደሬው ሄደ፣ ቀጥሎ በቆሎው። ነሐሴ ሲጋመስ አንድ ጥማድ በሬ የሚዞርበት መሬት አልቀረላቸውም።

አንድ ቀን ገንዳው ውስጥ ቆሜ አዲስ ድንጋይ ስተክል አዴ መጡ።

“ኢልማ ኮ፣ እነዚያ ጥርሶች የት ሄዱ?”

“ጎርፍ ነቀላቸው፣ አዴ” አልሁ። ፊታቸውን ማየት አልቻልሁም።

የደፈረሰውን ወንዝ አዩ፣ ከዚያ እኔን። “አይዞህ” አሉኝ። “ብቻህን ምን ልታደርግ? ለእኔ ስትል ደክመህ ደክመህ አለቅህ እኮ።”

ቀሚሳቸውን ሰብስበው ወደ ውሃው ገቡ፤ ማሳቸው ከነበረበት ዳርቻ ድንጋይ እያነሱ ያቀብሉኝ ጀመር። ተዉ ልላቸው ነበር። እኔ ነኝ ያወለቅኋቸው ልላቸውም ነበር፤ ድንጋዩን ተቀበልኋቸው። እሳቸው ሲያቀብሉኝ እኔ ስተክል ዋልን። ማምሻውን ሊሄዱ ሲሉ እጃቸውን ዘርግተው ልፋትህን እግዜር ይቁጠርልህ ብለው መረቁኝ።

አሜን አልሁ።