ከስቲከሩ ሥር የወጡት ቀዳዳዎች

ይህ ነገር የደረሰብኝ ከጥቂት ዓመታት በፊት፣ የሰሊጥ ገበያ በደራበት በኅዳር ወር ነው። ባለቤቴ እናኑ «እርሳው እንጂ» ትለኛለች። እኔ ግን እንደዚያ ሰሞን ሰውን ሁሉ የጠረጠርኩበት ጊዜ ስለሌለ አልረሳውም።

ጠረፍ አጠገብ ባለችው ገንዳ ውሃ ከተማ መምህር ነኝ። በዚያ ዓመት ያለንን ጥሪት አሟጠን አንዲት አሮጌ ሰማያዊ የቤት መኪና ገዛን። የሸጡልን አቶ ባዬ የሚባሉ የአብርሃ ጅራ ገበሬ ናቸው። መኪናዋ ሁለመናዋ ሰማያዊ ሆኖ ኮፈኗ ብቻ ጥቁር ስቲከር ለብሷል። ለምን እንደሆነ ስጠይቃቸው ዓይናቸውን ወደ ሌላ አዙረው፣ «ፀሐይ ቀለሙን በልቶት ነው። እንዳለ ተወው፣ አትላጠው» አሉኝ። ያን ጊዜ ከቁም ነገር አልቆጠርኩትም።

የቆላው ፀሐይ ስቲከሩንም አልማረውም። አረፋ አወጣ፤ ጠርዙም እየተነሳ በነፋስ ይርገበገብ ጀመር። ጎንደር ወስጄ ለባለሙያ የማሠራበት አቅም ስላልነበረኝ አዲስ ስቲከር በጥቅል አስመጣሁና ቅዳሜ ጠዋት ራሴው ላለብሰው ተነሳሁ። ኮፈኑን ፈትቼ ግቢያችን ውስጥ በርሜሎች ላይ አጋደምኩት። እናኑ ከጎረቤታችን ፀጉር ቤት የፀጉር ማድረቂያ ተውሳ መጣች። እሷ በሙቀቱ ታለሰልሳለች፣ እኔ ጠርዙን ይዤ ቀስ እያልኩ እልጣለሁ።

ግማሽ ያህል እንደላጥን እናኑ ማድረቂያውን አጠፋችው።

«ይኸ ምንድን ነው?» አለች።

ሰማያዊው ቀለም ላይ ክብ ክብ የሆኑ የስቱኮ ድፍኖች ተበታትነዋል። አንዱን በጥፍሬ ስጭረው ተፈርፍሮ ወደቀ። ቀዳዳ ነው፤ ሌሎቹንም ጭሬ አየሁ፣ ሁሉም ያው ነው፤ የቆርቆሮው ጠርዝ ወደ ውስጥ ታጥፏል። እኔ አርማጭሆ ነው ያደግሁት፤ የጥይት ቀዳዳ አይጠፋኝም።

አከራያችን ጋሽ ፈንታ ድሮ ሚሊሻ ነበሩ። ቀረብ ብለው አዩና ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ።

«ይኸ ከፊት ለፊት የተተኮሰ ነው ልጄ። ወይ ሽፍታ ሲነዳት ኖሯል፣ ወይ ሰው ሞቶባታል። ባለደም ደግሞ ሰውየውን ባያውቅ እንኳ መኪናዋን ያውቃል።»

ለአቶ ባዬ ደወልኩ። ስልካቸው ዝግ ነው። ደጋግሜ ሞከርኩ፤ ያው ነው። አትላጠው ያሉኝ ለዚህ ነው አልኩ። ወንጀላቸውን ሸፍነው እኔን አሸክመውኝ ጠፉ።

ወዲያው አንድ ሌላ ነገር ትዝ አለኝ። በዚያው ሳምንት መናኸሪያው አጠገብ መኪናዋን አቁሜ ሻይ ስጠጣ አንድ ሽርጥ ያገለደመ ሰውዬ ዙሪያዋን እየዞረ ሲያያት ነበር። በመስኮት አጎንብሶ የኋላውን ወንበር አየ። እኔ ብድግ ስል በሰው መሀል ገብቶ ተሰወረብኝ። በማግሥቱ እሑድ ደግሞ የማውቀው ባለባጃጅ፣ «መምህር፣ የዚያች ሰማያዊ መኪና ባለቤት ቤት የት ነው እያለ የሚጠይቅ ሰው አለ» አለኝ። ወዲያው ወደ ቤት ሮጥኩ። እናኑን «እህትሽ ዘንድ ሂጂ» ብላት እምቢ አለች። ፖሊስ ጣቢያ ልሂድ አልኩ፤ ደግሞ መኪናዋ የሽፍታ ከሆነች መጀመሪያ የምታሰረው እኔ ነኝ ብዬ ተመለስኩ።

ሰኞ ከሰዓት የግቢው በር ተንኳኳ። የጎማ መፍቻውን ብረት ከኋላዬ ደብቄ ከፈትኩ። ያው ባለሽርጡ ነው።

«እንደምን ዋላችሁ» አለና በትከሻዬ በኩል ግቢውን ሲያይ የተላጠው ኮፈን ላይ ዓይኑ አረፈ። አልፎኝ ገባ። መዳፉን ቀዳዳዎቹ ላይ አሳረፈ።

«ራሷ ናት» አለ። «ኮፈኗ ጥቁር ሆኖብኝ እኮ ነው የተምታታብኝ።»

«ምን ፈልገህ ነው?» አልኩት። ብረቱን ጨብጫለሁ።

«ባለቤቷን።»

«ለምን?»

«እግሩን ልስም።»

በትክክል የሰማሁ አልመሰለኝም። ሰውየው በርሜሉን ተደግፎ ነገረኝ። ከዓመታት በፊት ከጎጃም ሰሊጥ ሊያጭድ መጥቶ ነበር። እርጉዝ ሚስቱ ለሠራተኞቹ እንጀራ ትጋግር ነበር። እርሻው መሀል ምጥ ያዛትና ደም ፈሰሳት። መንገድ ላይ እየጮኸ መኪና ሲለምን አንድ የማያውቀው ሰው ቆመለት። አንድ ኩርባ ላይ ሽፍቶች ድንጋይ ደርድረው ጠብቀው ተኮሱ። ባለመኪናው ከመሪው ሥር ዝቅ ብሎ ድንጋዩን እየገጨ አለፈ። ክንዱ እየደማ ጤና ጣቢያ አደረሳቸው። ባልየው ሚስቱን አስገብቶ ሲመለስ ሰውየው የለም። ስሙን እንኳ አልጠየቀውም።

«ልጅቷም እናቷም ደህና ናቸው» አለኝ። «በየዓመቱ ለአጨዳ ስመጣ ያን ሰው እፈልገዋለሁ።»

ልቤ ግን ቶሎ አላመነም። ባለደምም ወሬ ያሳምራል አልኩ በሆዴ። «ሰውየው ምን ይመስላል?» ብዬ ጠየቅሁት። የነገረኝ መልክ ቁርጥ የአቶ ባዬ ነው። እዚያው ቆሜ እንደገና ደወልኩ። በዚህ ጊዜ ጠራ። ለካ እርሻ ላይ ከርመው፣ ኔትወርክ የሌለበት ቦታ ነበሩ።

ስልኩን ለሰውየው ሰጠሁት። «ጌታዬ፣ እኔ ነኝ፣ የዚያች ወላድ ባል» ብሎ አለቀሰ። እናኑም አብራው አለቀሰች።

ስልኩን ስቀበል ንዴቴ ገና አልበረደም ነበር። «ታዲያ ለምን ደበቁኝ?» አልኳቸው።

«ባለቤቴ ቀዳዳዎቹን ባየች ቁጥር ትንቀጠቀጥ ነበር። ስቲከሩን ያለበስኩት ለእሷ ነው። ኋላ መኪናዋ ውስጥ መግባቱንም ፈራች፤ ሸጥኳት። ለአንተስ ብነግርህ ትገዛት ነበር?»

አልገዛትም ነበር።

በዚያው ቀን ቀዳዳዎቹን ዳግም በስቱኮ ደፍነን፣ ሲደርቅ ሦስት ሆነን አዲሱን ስቲከር አለበስነው። ባለሽርጡ በአንድ ወገን ጫፉን ወጥሮ ይዟል፣ እናኑ ታሞቃለች፣ እኔ በጨርቅ አየሩን እየገፋሁ አስወጣለሁ። አንድ ጥግ ላይ ተሸብሽቦ ቀርቷል።

ዛሬም ተጠራጣሪ ነኝ። ጠረፍ ላይ የሚኖር ሰው ጥርጣሬ ቢተው አይበጀውም። ግን ያ ሰው ሲያልፈኝ ጀርባው ከፊቴ ነበር፤ እጄም ብረቱን ወደ ላይ ማንሳት ጀምሮ ነበር። ይህን ለእናኑ እንኳ ነግሬያት አላውቅም። እግር ሊስም የመጣን ሰው አናቱን ልለው ነበር።