የሽምብራ ራይቦዞሞች

ሚኒባሳችን ጫጫ ከተማ ሲቆም የትኩስ ሽምብራ ቆሎ ሽታ በመስኮት ገባ፤ ፊቴ በሐፍረት ጋለ።

ከወለጋ ተፈናቅለን ደብረ ብርሃን መጠለያ በገባን ዓመት ዘጠነኛ ክፍል ነበርኩ። ሽበታሙ የባዮሎጂ መምህራችን የእንስሳ ሴል ሞዴል ሠርታችሁ አምጡ አሉን። እናቴ ከሊጥ ክብ ሴል ሠራችልኝ፤ ራይቦዞም እንዲሆንም ጎረቤት የሰጠቻትን የሽምብራ ቆሎ ሰካካችበት። ቁርስ አልበላሁም ነበር። መንገድ ላይ አንዷን ነቅዬ ቀመስኩ፤ ክፍል ስገባ ሁሉም አልቀው ነበር።

«ራይቦዞሞቹስ?» አሉኝ መምህሩ። «ፕሮቲን የሚሠሩት እነሱ ናቸው። ያለ እነሱ ሴሉ ይሞታል፣ ልጄ።»

«በልታቸዋለች!» አለ አንድ ልጅ። ክፍሉ በሳቅ ተሞላ። መምህሩ ባዶዎቹን ጉድጓዶች በጣታቸው ዳሰሱ።

ማታ እናቴ «ወደዱልሽ?» አለችኝ።

«በጣም» አልኳት።

ዛሬም መምህሩ የሊጥ ሴሏን እንዴት እንደወደዱላት ለእንግዳ ሁሉ ታወራለች፤ እኔ አንገቴን ደፍቼ እሰማለሁ።