ስም ጠርቻለሁ?

የጠመኔ ሽታ ባፍንጫዬ በገባ ቁጥር ፍኖተ ሰላም የተማርንበት ክፍል ይመጣብኛል። የከሰዓት ፀሐይ በመስኮቱ ገብታ ሰሌዳው ላይ ስታርፍ፣ በዋናው መንገድ የሚያልፉት አውቶቡሶች ጥሩምባ ሲሰማ፣ ያ የእንግሊዝኛ አስተማሪ ጃኬቱ ላይ የረገፈውን ብናኝ በሁለት ጣቱ እያራገፈ ሲቆም። ሰውየውን እስከ ዛሬ እንደናቅሁት አለሁ።

አንድ ቀን «ኢንዳይሬክትሊ» የሚል ቃል ጻፈልን።

«በተዘዋዋሪ ማለት ነው። ነገሩን ትናገራላችሁ፤ ሰውየውን ግን አትጠሩም» አለ። ምሳሌ ሊሰጠን ብሎ አፍንጫውን ያዝ አደረገና፣ «አንዳንድ ተማሪዎች ከምድጃ ተነሥተው በቀጥታ ክፍል ይገባሉ። ጭሳቸው ቀድሟቸው ይደርሳል» አለ። ዓይኑ ጓደኛዬ ላይ ነበር።

ጓደኛዬ ከፈረስ ቤት ገጠር የመጣች ልጅ ናት። አንዲት ጠባብ ክፍል አብረን ተከራይተን፣ እዚያው በእንጨት እያበሰልን ነበር የምንማረው። የኔም ልብስ ጭስ ጭስ ይሸት ነበር። ተማሪው ሲስቅ እሷ ተነሥታ ቆመች።

«ቲቸር፣ እኔን ነው?»

«ስም ጠርቻለሁ?»

«ዓይንዎ ጠርቶኛል።»

አሁን የተሳቀው በሱ ነበር። ፊቱ ጠቁሮ፣ «ወላጅ ይዘሽ ነይ» ብሎ አስወጣት።

አባቷ መልእክት ሲደርሳቸው ጋቢያቸውን ለብሰው መጡ። እኔም አብሬያቸው ቆሜ ነበር። አስተማሪው ደፍሮ «መለሰችብኝ» እንኳ ቢል፣ አባት ተቆጥተው፣ እሷም ይቅርታ ጠይቃ ያልቅ ነበር። እሱ ግን ፈገግ ብሎ፣ «ልጅዎ ጎበዝ ናት። ብቻ ከተማ ለሴት ልጅ... እርስዎ አባት ነዎት፣ ያውቁታል» አላቸው።

አባቷ የተሸሸገ ነገር ፈልፍሎ መረዳት በሚከበርበት አገር ያደጉ ሰው ናቸው። ፈለፈሉና የልጃቸውን ነውር አገኙ። ያልነበረ ነውር።

«መምህሩ ጨዋ ናቸው፤ እንዳላፍር ሸፍነው ነገሩኝ» አሉኝ።

«አባባ፣ ምንም የለ! እኔ አይደለሁ አብሬያት የምኖር? እሱ የተናደደው መልስ ስለሰጠችው ነው» ብዬ ለመንኳቸው። በግልጽ ስለነገርኳቸው ይሁን እንጃ፣ አላመኑኝም።

ወደ አስተማሪው ሮጥኩ። የመምህራን ክበብ ሻይ እየጠጣ ነበር።

«ቲቸር፣ አባቷ ከትምህርት ሊያስወጧት ነው። ምንም አላጠፋችም ብለው አንድ ቃል ይንገሩልን።»

ስኳሩን እያማሰለ፣ «እኔ ‹ልጅዎን ያስወጡ› ብያቸዋለሁ?» አለኝ።

እውነቱን ነው፣ አላለም። እንዲህ ያለ ሰው በሕይወቱ ምንም ብሎ አያውቅም። የሰው ዕድል አበላሽቶ እንኳ እጁ ንጹሕ ነው። አሁን ርእሰ መምህር ሆኗል ሲሉ ሰማሁ፤ ስብሰባ ላይ እንዴት እንደሚናገር ይታየኛል።

በማግሥቱ ማለዳ መናኸሪያ ድረስ ሸኘኋቸው። አባቷ ዕቃዋን ይዘው ቀድመው ወደ አውቶቡሱ ገቡ። እሷ አንገቴን አቅፋ ስታበቃ፣ «ቦታዬን ለማንም እንዳትሰጭ» አለችኝ።

እስከ ሰኔ ድረስ ክፍል ውስጥ አጠገቤ የነበረው ወንበሯ ላይ ቦርሳዬን አስቀምጬ ያዝኩላት።