የዓይን ሐኪም አይደለሁም

ከሆሳዕና ከተማ በወጣሁበት ቀን ዋዜማ፣ ፀሐይ ሳትጠልቅ፣ እናቴ ደጃፍ ላይ በርጩማ አስወጥታ ተቀመጠችና ወረንጦውን ሰጠችኝ። የዓይን ማዝ ሽፋሽፍቷን ወደ ውስጥ አዙሮት ነበር፤ ፀጉሩ እየወጋ ሌት ተቀን ያስነባታል። የምነቅልላት እኔ ነኝ። "ሌላ ሰው ከነካው በዝቶ ነው የሚበቅለው፤ ያንቺ እጅ ቀላል ነው" ትላለች፤ ታናሽ ወንድሜን ማርቆስን እንኳ አታስጠጋም። የዚያን ለት አንድም ሳላስቀር ለቀምኩላት። "ከዚህ በኋላስ ማን ይነቅልልኛል?" አላለችኝም፤ እኔም አላነሳሁም። ሲነጋ መናኸሪያ ድረስ ሸኝታኝ አንገቴን አልለቅ ብትል፣ የአውቶቡሱ ረዳት "እማማ፣ አዲስ አበባ እኮ ነው የምትሄደው፣ መንግሥተ ሰማያት አይደለም፤ ይልቀቋት!" አላት።

ትምህርት የጀመርኩት ዘግይቼ ነው። አሥራ ሁለተኛ ክፍል ስጨርስ እኩዮቼ ዳምቦያና ዱራሜ ተድረው ወልደዋል። የምፈልገው የዓይን ሕክምና ነበር። አዲስ አበባ የውጭ ትምህርት ዕድል የሚያድለው ጓድ ግን ቀና ብሎም አላየኝ።

"ሕክምና ሞልቷል።"

"ዓይን ብቻ ቢሆንስ?"

"ጓዲት፣ ሕክምና ቅርጫ አይደለም በብልት የሚከፋፈል። ፊዚክስ አለ፣ ምሥራቅ ጀርመን። ብርድ ትችያለሽ?"

"የሆሳዕናን ሐምሌ ችዬ አድጌያለሁ።"

"እንግዲያው አልፈሻል።"

የፕላዝማ ፊዚክስ ተማሪ የሆንኩት እንዲህ ነው።

ድሬስደን ድንች ነው፤ ጠዋት ድንች፣ ማታ ድንች። አይባቸው የኛን ይመስላል፣ ቅቤ ግን አያውቅም፤ አንድ ማንኪያ በቀመስኩ ቁጥር በቡላ፣ በአይብና በቅቤ የሚሠራው አተካናችን ትዝ እያለኝ አለቅሳለሁ። ሰው ፊት ለፊትሽ ተቀምጦ "እንብላ" ሳይል ዳቦውን ይጨርሳል፤ የመጀመሪያ ሰሞን ሁሉ እኔ አፈርኩለት። አከራዬ ፍራው ሊንድነር (ፍራው ወይዘሮ ማለት ነው) ደግሞ ጠያቂ ናት።

"አገርሽ መብራት አለ?"

"አለ፤ አልፎ አልፎ።"

"ታዲያ ፕላዝማውን በምን ልታበሪው ነው?"

"እሱን የመደበኝን ጓድ ይጠይቁልኝ።"

ፕላዝማ ማለት ኤሌክትሪክ አልፎበት እስኪያበራ የጋለ ጋዝ ነው። ከእሱ ጋር ከርሜ ኤሌክትሪክን በከፊል ወደሚያሳልፍ ሰሚኮንዳክተር ልኬት አዛወሩኝ፤ ከጥፍር የምታንስ የሲሊከን ቁራጭ ብርሃን ሲያርፍባት ምን ያህል ኤሌክትሪክ እንደምታመነጭ ስመዘግብ እውል ነበር። በመጨረሻ ሁለቱ ትምህርቶች ተገናኝተው ዓይን ክሊኒክ አደረሱኝ። የሚያበራው ጋዝ ሌዘር ያወጣል፤ ሐኪሙ በሌዘሩ የዓይንን ውስጥ ይተኩሳል፤ እኔ ደግሞ ጨረሩ እንዳይበዛም እንዳያንስም በሲሊከኗ ቀድሜ እለካለሁ። በሽተኛው ሲገባ እኔ እወጣለሁ።

ነጭ ጋወን ለብሼ እዚያ መሣሪያ አጠገብ የተነሳሁትን ፎቶ ወደ ቤት ላክሁ። ከጀርባው "የምሠራበት መሣሪያ" ብዬ ጽፌበት ነበር፤ ጋወን ግን ከጽሑፍ ይበልጣል። ፎቶው ጸሎት ቤት ዞሮ ሲመለስ የዓይን ሐኪም ሆኜ ነበር።

ከዚያ የማርቆስ ደብዳቤ መጣ። የእናቴን አንድ ዓይን ነጭ ሸፍኖታል። ቅርብ ወዳለ ክሊኒክ ሽፋሽፍት ገልብጦ የሚሰፋ ነርስ መጥቷል፤ ሌላው ዓይኗ ሳይጠፋ ቢደርስላት ይተርፋል። እሷ ግን "ልጄ ሐኪም ሆና ሳለ ዓይኔን ለማን ነው የምሰጠው?" ብላ እምቢ ብላለች።

የስልክ ቀጠሮ አስያዝኩ። ማርቆስ ሆሳዕና ቴሌ ይዟት መጣ፤ በከምባትኛችን ተነጋገርን።

"እማ፣ ሂጂና ተሠሪ።"

"አንቺ እያለሽ?"

"እኔ የዓይን ሐኪም አይደለሁም።"

"ፎቶውስ?"

"መሣሪያው ነው። ብርሃን ነው የምለካው።"

"ብርሃን ይለካል እንዴ? በምን፣ በጣሳ?"

"እማ፣ የኔ መሣሪያ ላንቺ በሽታ አይሆንም። ያ ነርስ የሚችለውን እኔ አልችልም።"

"ይህን ሁሉ ዓመት ተምረሽ?"

"ይህን ሁሉ ዓመት።"

ከስልኩ ዞር ብላ ማርቆስን "ጸሎት ቤት እንዳታወራ" ስትለው ሰማኋት። ከዚያ ተመለሰች።

"እሺ፣ እሄድለታለሁ። የዓይኔ ሻሽ ሲፈታልኝ ግን ማንን ነው የማየው?"

ትምህርቴ ሊያልቅ ጥቂት ቀርቶት ነበር። ከኔ በፊት ጨርሰው አገር ቤት የተመለሱት ሁለት የአገሬ ልጆች አየር ማረፊያ ከወረዱ ወዲህ ድምፃቸው አልተሰማም፤ ታስረው ይሁን ሌላ የሚያውቅ የለም። ለመመለስም ለመቅረትም ልብ አጣሁ፤ ይህ ደግሞ በዚያ ዘመን ሰሚ በበዛበት ስልክ የሚነገር አልነበረም።

ስልክ የምታገናኘው የቴሌ ልጅ መሐል ገብታ "ጨርሳችኋል?" አለች።

እናቴ ቀደመችኝ። "አልጨረስንም" አለቻት።