የላባው ልክ

ሽማግሌው ወደ ዓሣ ማጥመጃ ዕቃ ሱቁ ብቅ የሚሉት ሁልጊዜ ባርኔጣቸውን እስከ ዓይናቸው ደፍተው ነው። ከደረት ኪሳቸው ትንሽ መንጠቆ አውጥተው ከሱቁ የአውራ ዶሮ የአንገት ላባ ዝንብ እንድትመስል ይጠመጥሙባትና የላባውን ፀጉር ርዝመት ይለካሉ።

«ረዘመ፣ ልጄ። ዓሣ ሞኝ እንዳይመስልሽ፤ ዝንብ ካልመሰለው አፉን አይከፍትም።»

ዛሬም ባለሱቋ ያላትን ላባ ሁሉ ዘረገፈችላቸው፤ አንዱም አልሆነም።

«ከዚህ ያጠረ እንግዲህ ከየት ላምጣልዎ፣ አባባ?» ብላ ሳቀች።

«እስከ ዛሬማ የራሴን ነበር የምጠቀመው፤ አለቀብኝ እንጂ» አሉና ባርኔጣቸውን አወለቁ። በዓይናቸው ቆብ ላይ አንዲት ሽፋሽፍት የለችም።

የባለሱቋ ሳቅ ከንፈሯ ላይ ደረቀ። ሽማግሌው መንጠቆዋን ወደ ዓይኗ አስጠግተው ለኩ።

«ልክክ ይላል። ዓይንሽን አታርገብግቢ፣ ልጄ።»